የአባቴ ዲኤክስ የሹፌር በር መስታወት፤ ሁለተኛው ማሽንም ጥርሱን ጨረሰ

ደምበጫ ዲኤክስ፦

እንደምን ከረማችሁ። የኔ ጥያቄ የሞተር አይደለም፣ የካምቢዮም አይደለም፤ የበር መስታወት ነው። ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ክረምት ሲገባ ደምበጫ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጥ።

መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ኬኢ 70 የሚሏት፣ በፈረንጆቹ የ1982 ሞዴል፣ ባለ አራት በር። የገዛት አባቴ ነው። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ግቢያችን ውስጥ ነበረች። አሁን እሱ ዓይኑ ስለደከመ የምነዳት እኔ ነኝ፤ እሱ ጋቢና ተቀምጦ ማርሽ መቼ መቀየር እንዳለብኝ ይነግረኛል። ሞተሯ አንዴ ወርዷል፣ ቀለሟ ሁለቴ ተቀብቷል፤ የመስታወቶቿ ማዞሪያ ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነበር።

አባቴ መስታወቱን የሚያወርደው በሁለት ጣት ነበር፣ ቡና ስኒ እንደሚያነሳ ሰው ቀለል አድርጎ። በኔ ጊዜ ቀስ በቀስ እየከበደ መጣና መጨረሻ ላይ መኪናዋን ዳር አቁሜ በሁለት እጅ ማዞር ጀመርኩ።

የተሰበረው አባይ በረሃ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አባቴን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስወስደው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደጀን ላይ ብርድ ስለሆነ መስታወት ዘግታችሁ ትነሳላችሁ፣ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ሙቀቱ ከታች ይቀበላችኋል፣ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ አራቱም መስታወት ካልወረደ አየር የለም። አውርጄ ተሻገርኩ። አቀበቱን አጋምሼ ደመናው ሲመጣ ልዘጋ ብዬ ሳዞር፣ ሊገጥም አራት ጣት ሲቀረው «ቋ» አለ። ከዚያ በኋላ እጀታው እንደ ልቡ ይዞራል፣ መስታወቱ ግን በሩ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ጎሃ ጽዮን ላይ ዝናቡ ተቀበለን። አባቴ ጋቢውን አወለቀ። አንዱን ጫፍ ከበሩ አናት ላይ አጥብቄ ዘጋሁበት፣ ሌላውን ትከሻዬ ስር ወሸቅኩት፤ እንደዚያ ሆነን ፍቼ ገባን። ጋቢው ላይ የበሩ ግሪስ እስከ ዛሬ አለ። እናቴ ባየችው ቁጥር አንድ ነገር ሳትል አታልፍም።

አዲስ አበባ ላይ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ማሽን (መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደውን ባለ ጥርስ ብረት) ገዝቼ አንድ ጋራዥ ገጠመልኝ። ስምንት ወር ሠራ። ሊዘጋ አራት ጣት ሲቀረው «ቋ»። ሁለተኛውን አዲስ ገዛሁ፣ ካርቶኑ እንኳን ያልተከፈተ፤ ሌላ ጋራዥ ገጠመው። እሱ ሦስት ወር አልሞላውም። እዚያው ቦታ ላይ፣ አራት ጣት ሲቀረው።

በዚህ ላይ እጀታውን የሚይዘው ክሊፕ በመጀመሪያው ጋራዥ ጠፍቶ በሽቦ ነው ያሰሩልኝ። ባለፈው ሳምንት ትራፊክ አስቁሞኝ መስታወት ላውርድ ስል እጀታው በእጄ ወጣ። ሰውየው መንጃ ፈቃድ ሲጠብቅ እጀታ ዘረጋሁለት። ደግነቱ ሳቀ።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ ሦስተኛ ማሽን ልግዛ ወይስ የመጀመሪያውን የፋብሪካውን ላሠራ? አባቴ ምንም ነገር ስለማይጥል አሮጌው በሳጥን አለ። ሁለት ጥርሱ ተበልቷል፣ ሌላው ደህና ነው። ክሊፑስ የት ይገኛል? የበሩን የውስጥ ሽፋን ሳልሰብር እንዴት ነው የምከፍተው? መስታወቱ የሚሄድበትን የፍሬሙን ላስቲክ እንዳትጠይቁኝ፤ ከአባቴ እንደተማርኩት በየወሩ ዘይት አደርግለታለሁ፣ የመድረቅ ችግር የለበትም።

ጣና ላዳ፦

ወንድሜ፣ እኔ ባህር ዳር ላዳ 2105 አለችኝ፤ ይኸን በሽታ በደንብ አውቀዋለሁ። ጥፋቱ የገመዱ ነው። በሩን ስትከፍተው ቀጭን የብረት ገመድ በከበሮ ላይ ተጠምጥሞ ከላይና ከታች በሮለሎች ዞሮ ታገኘዋለህ። ገመዱ ሲላላ ከሮለሉ ይወጣና እጀታው በባዶ ይዞራል። መወጠሪያውን ሮለል የያዘውን ዳዶ አላላው፣ ሮለሉን ወደ ታች ገፍተህ ገመዱን ወጥረው፣ መልሰህ እሰር። መስታወቱን ገመዱ ላይ የያዙትን ቪቴዎችም እያቸው፤ እነሱ ከላሉ መስታወቱ ይንሸራተታል። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ጋራዦቹ ማሽን ሸጠውብሃል እንጂ ሌላ አልሠሩም።

ደምበጫ ዲኤክስ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን የኔዋ ገመድ የላትም። ሳጥን ውስጥ ያለውን አሁን አውጥቼ አየሁት። ሁለት ክንድ እንደ መቀስ ተጣምሯል፣ ጫፎቹ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች አሉ፣ አንደኛው ክንድ ግማሽ ጨረቃ በሚመስል ባለ ጥርስ ብረት ያልቃል፤ መሐሉ ላይ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ብረት አለ።

ጣና ላዳ፦

እንግዲያው እኔ የማውቀው አይደለም። የላዳ ሰው ካለ ይጠቀምበት ብዬ ልተወው።

የማርቆሷ ቮልስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ሆኜ ቮልስ የምነዳ ሴት ነኝ፤ ከተማው ውስጥ ያየኝ ሰው መኪናዋን እንጂ እኔን ሰላም አይልም፣ ለምጄዋለሁ። ስለ ዲኤክስ ማሽን ብዙ አላውቅም፤ ግን በሩን ከመክፈትህ በፊት ሁለት ነገር ልንገርህ።

እጀታ ማለት በየመኪናው አያያዙ ይለያል። የኔ የአሮጌዎቹ ቮልሶች ዓይነት ስለሆነ በቀጭን ፒን ነው የሚያዘው፤ ቀለበቱን ወደ ሽፋኑ ተጭነህ ፒኑን በምስማር መትተህ ታወጣለህ። ከዚያ በኋላ የመጡት ቮልሶች በቪቴ ናቸው፣ ቪቴው በፕላስቲክ ክዳን ስር ተደብቋል። የመጀመሪያ ቀን ይኸን ሳላውቅ በካቻቢቴ ስፈነቅል እጀታዬን ለሁለት ከፈልኩት። አንተም አትፈንቅል፤ ቶዮታ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ጠብቅ።

ሁለተኛ፣ ሽፋኑን ስታነሳ ከስሩ የተለጠፈ ላስቲክ ወረቀት ታገኛለህ። ብዙ ጋራዥ ቀዶ ይጥለዋል። እንዳትጥለው! የዝናብ ውሃ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል ሁልጊዜ በሩ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ከበሩ ስር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ላስቲክ ወረቀቱ ከሌለ ግን ውሃው የሽፋኑን ካርቶን አርሶ ወደ ወለሉ ይሄዳል። እኔ የወለሌን ዝገት ለባትላሜራ የከፈልኩት በዚህ ነው፤ ሁለት ክረምት ምንጣፉ ለምን እንደሚረጥብ ሳይገባኝ።

ጥያቄም አለኝ፦ መስታወቱን ከማሽኑ ነጥለህ በእጅህ ብቻ ወደ ላይ ስትገፋው ይሄዳል ወይ? የቮልስ በር አየር እንኳን ስለማያሳልፍ መስታወት ሁሉ ተዘግቶ በሩን ለመዝጋት መታገል አለብህ፤ ትንሽ ገርበብ ማድረግ ይሻላል። ያ ሁሉ ጥብቀት ባለበት እንኳን የኔ መስታወት በአንድ እጅ ይወጣል። አራት ጣት ሲቀረው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ መሰበሩ አልጣመኝም።

ፈጣኑ፦

ለምን ትደክማለህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ግጠምና ግልግል ነው። ቁልፍ ነክተህ ይወርዳል።

ፒንሳና ካቻቢቴ (ቡሬ)፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን አንተው ጽፈኸዋል፤ «ላስቲኩ ላይ በየወሩ ዘይት አደርጋለሁ» ያልከው ላይ። ልጅቷ ደህና ጠርጥራለች። የኤሌክትሪኩ ሰውም ይስማ፤ መስታወቱ ከተጣበቀ ሞተር ብትገጥምለት የሚቃጠለው ሞተሩ ነው።

እኔ ቡሬ ውስጥ ከዲኤክስ ጋር ያረጀሁ ነኝ። ዘይት ለብረት እንጂ ለላስቲክ አይሆንም። የሞተር ዘይት የጠጣ ላስቲክ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቦታውን ያጠባል። በላዩ ላይ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ሊጥ ይሆናል፤ መስታወቱን በሊጥ መሐል ነው የምታወጣው። ለምን አራት ጣት ሲቀረው? መስታወቱ ከታች ሳለ ግራና ቀኝ ላስቲኩን የሚነካው በጥቂቱ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚነካካው ርዝመት ይጨምራል፤ ትልቁ ትግል መጨረሻው ላይ ነው። ጥርሱ የሚሸነፈውም እዚያ። ሦስተኛ ማሽን ብትገዛ አራተኛውን ትገዛለህ።

የፋብሪካውን አትጣል። የአሁኑ ቅጂ ላሜራው ስስ ነው፣ በጣትህ ብታጣምመው ይጣመማል። ያንን አሮጌ አሠራ።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። የቶዮታ እጀታ ቪቴ የለውም። ከኋላው የፈረስ ጫማ የሚመስል የሽቦ ክሊፕ አለ። ጠንከር ያለ ጨርቅ፣ የአሮጌ ሸራ ቁራጭ ቢሆን ይመረጣል፣ በእጀታውና በፕላስቲክ ሮንዴላው መሐል አስገባ። ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ጫማ እንደሚወለውል ሊስትሮ ግራና ቀኝ ሳበው። ጨርቁ የክሊፑን እግር ይይዝና ይገፋዋል። ሲወጣ ግን ይተኮሳል፤ በሌላ ጨርቅ ሸፍነው፣ አለበለዚያ ክሊፕ ፍለጋ ስትርመሰመስ ትውላለህ። ላንተ የሹፌሩ ስለጠፋ ከኋላ በር አንዱን ተዋስ፤ ያው ነው። የኋላ በር ሰው ብዙ አይነካውም፣ ለጊዜው ያለ ክሊፕ ይቆይ። አሮጌ ዲኤክስ የሚፈታ ካገኘህ ደግሞ ከአራቱም በር ክሊፑን ለቅመህ ኪስህ ክተት።

የክንድ ማረፊያው ቪቴ አለው፣ የበር መክፈቻው ክፈፍም እንዲሁ። ከዚያ ሽፋኑን በሰፊ ካቻቢቴ ክሊፕ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ እያነሳህ ሂድ፤ መሐል ለመሐል ከሳብከው ካርቶኑ ይቀደዳል። ላስቲክ ወረቀቱን በቀስታ ላጠው፣ ልጅቷ እንዳለችህ።

አሁን መስታወቱን ወደ ላይ ገፍተህ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር በእንጨት ሽብልቅ አስይዘው፣ ከላይ ደግሞ በሰፊ ፕላስተር እሰረው። ይኸን ሳታደርግ ማሽኑን አትንካ። ከዚያ የ10 ቁልፍ ይበቃሃል፤ ማሽኑን የያዙትን ብሎኖች ፈትተህ፣ ጎማዎቹን ከሀዲዱ አንሸራትተህ፣ በታችኛው ቀዳዳ አጣጥፈህ አውጣው። እጅህን በጨርቅ ጠቅልል፤ የበሩ የውስጥ ላሜራ ምላጭ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በል። ያ የተጠቀለለ ሞላ መስታወቱን ለማንሳት የሚያግዝ ነው፤ በሩ ውስጥ ሳለ የሚሸከመው ክብደት አለ፣ ከወጣ በኋላ ግን ክብደት የለም። ጥርሱ ከጥርስ ከተላቀቀ ክንዱ ይወነጨፋል። የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር እስከ ዛሬ ለሁለት ተሰንጥቆ ነው የሚያድገው፤ ሠልጣኝ ሳለሁ አለቃዬን አልሰማ ብዬ ነው። ባለ ጥርሱን ብረትና ጀርባውን በአንድ ላይ ብስተህ በብሎን እሰራቸው፣ ወይም በጠንካራ ክላምፕ ያዛቸው። ሞላውን በጭራሽ አትፍታ። እጀታው ከሚያዞራት ትንሿ ባለ ጥርስ ጎማ (ፒኞን) በስተጀርባ ባለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥም ሌላ ሞላ አለ፤ መስታወቱ በራሱ ክብደት እንዳይወርድ የሚያግደው እሱ ነው፣ እሱንም ተወው።

የተበሉትን ሁለት ጥርሶች ነሐስ በሚበይድ ሰው አስሞላ። ሙቀቱ ሞላውን እንዳያበላሸው እርጥብ ጨርቅ ጠቅልልበት። ከዚያ በሞረድ ነው፣ በትዕግሥት። መፍጫ ይዞ የሚመጣ ካለ አባረው። ደህናዎቹን ጥርሶች ካርቶን ላይ ስለህ ቅረጽ፣ በየጊዜው እያስገባህ ለካ። ጎማዎቹ ካለቁ ቶርኖ ቤት ነጭ ናይለን ይዘህ ሂድ፣ እንደ አሮጌው አስቀርጽ።

አሮጌውን ግሪስ በናፍጣ እጠበው። (ደምበጫ ሰው ስለሆንክ በአረቄ እንዳታጥበው፣ ኃጢአት ነው።) ሲደርቅ አዲስ ግሪስ በጥርሱ፣ በመጋጠሚያውና በጎማዎቹ ሀዲድ ላይ ስስ አድርገህ። ላስቲኩን ግን አውጣውና በሳሙና እጠበው። ካበጠ አይመለስም፣ ቀይረው። አዲሱ ላይ የሲሊኮን ስፕሬይ ብቻ፤ ከሌለህ ደረቁን ተወው።

ሁሉንም ከመግጠምህ በፊት ልጅቷ ያለችውን ሞክር፤ መስታወቱን ብቻ በሁለት መዳፍ ወደ ላይ አውጣው። ካልሄደልህ ገና አልጨረስክም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ደምበጫ ዲኤክስ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ዘይቱን ሳደርግ እንክብካቤ መስሎኝ ነበር። ለአባቴ ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና «የተቃጠለ ዘይት ነበር እኮ የምናደርገው» አለ፣ እንደሚያቃልለው። ቅዳሜ ከፍቼ እመለሳለሁ።

የማርቆሷ ቮልስ፦

የተቃጠለ ዘይት! ቸሩ መድኃኔዓለም።

ደምበጫ ዲኤክስ፦

ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ብዬ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የጨርቁን ዘዴ በኋላ በር ላይ ተለማመድኩ። አራት ጊዜ ሳብኩት፣ በአምስተኛው ወጣ። ሸፍነው ብለውኝ ነበር፤ ሸፍኜው ነበር፣ ግን ከጨርቁ ስር አምልጦ ሣሩ ውስጥ ገባ። ዶሮዎቹ ቀደሙኝ። አንዷ አንስታው ስትሮጥ እህቴ ናት ያስጣለቻት። ሁለተኛውን በር ስከፍት የአሮጌ ሬዲዮ ስፒከር ማግኔት አጠገብ አስቀመጥኩ።

የሹፌሩን በር ስከፍት ላስቲክ ወረቀቱ የለም። የትኛው ጋራዥ እንደጣለው እንጃ። በሩ ውስጥ ያገኘሁትን ልቁጠርላችሁ፦ አንድ ምስማር፣ ሁለት ባለ አስር ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ እና አባቴ ጠፋብኝ ብሎ እኛን ልጆቹን የተቆጣበት የቀንድ ማበጠሪያ። ሃያ ዓመት ይሆነዋል። ያን ጊዜ የተቀጣው ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ አሁን ፍኖተ ሰላም ነው ያለው፣ ደውዬ ነገርኩት። ማበጠሪያው አንድ ጥርስ ብቻ ነው የጎደለው፣ ከማሽኑ ይሻላል። የበሩ የታች ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ነበር፤ በሽቦ ስወጋቸው ቡናማ ውሃ እንደ ጠላ ወረደ።

መስታወቱን ነጥዬ በመዳፌ ገፋሁት። ጋሼ እንዳሉት፣ እስከ ግማሹ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ በትከሻዬ ብገፋውም እምቢ። ላስቲኩን ከፍሬሙ ስስበው በእጄ ላይ እንደ ሊጥ ተለጠፈ። ውስጡ ያለው ጨርቅ መሰል ሽፋን ፈጽሞ የለም። በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ካጠብኩት በኋላም ከቀኙ በር ላስቲክ ጋር ሳስተያየው በግልጽ ወፈር ብሏል። ጣልኩት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞተሯ ወጥቶ ግቢ የቆመች ዲኤክስ አገኘሁና የሹፌር በሯን ላስቲክ፣ ከነክሊፖቹ፣ ሰውየው በዝቅተኛ ዋጋ ሰጠኝ። ፀሐይ ያልመታው ቤት ሥር ነበር የቆመችው፤ ላስቲኩ እንደ አዲስ ነው።

ነሐሱን የበየደልኝ የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ ሰፈራችን ያለ ልጅ ነው። እርጥብ ጨርቁን ሞላው ላይ ስጠቀልል ሳቀብኝ፤ የጣትዎን ታሪክ ስነግረው ሁለተኛ ጨርቅ አመጣ። ሞረዱን እኔው ያዝኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሬ ምሳ ሲደርስ አንዱን ጥርስ ጨረስኩ። ሁለተኛው በእጥፍ ፈጠነ፤ እጄ ለመደ። ፕላስቲክ ጎማዎቹ ደህና ነበሩ፣ አላስቀረጽኩም። ወረቀቱን በወፍራም ላስቲክ ቆርጬ ለጠፍኩ።

መስታወቱ ከስሩ ካለው የብረት ሀዲድም ላልቶ ነበር። ነቅዬ ከመመለሴ በፊት ከጠርዙ ስንት ጣት ገባ እንደሚል በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁበት፣ ከዚያ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ በሳሙና ውሃ አለስልሼ፣ በመስታወቱ ላይ አጥፌ፣ በእንጨት ቀስ እያልኩ መትቼ አስገባሁት። ይኸን ማንም አልነገረኝም፤ ደህና ነገር ይሁን አይሁን ጋሼ ይፍረዱ።

አሁን ችግሩ ይኸ ነው፦ መስታወቱ ይወጣል፣ በቀላሉ ይወጣል፣ ግን ዘሞ ነው የሚወጣው። የኋላው ጥግ ቀድሞ ፍሬሙን ይነካና ፊት ለፊቱ አንድ ጣት ክፍት ይቀራል።

ፒንሳና ካቻቢቴ (ቡሬ)፦

የውስጥ ጎማው ደህና ነው፣ እኛም እሱን ነው የምንጠቀመው። ምልክት ማድረግህ ነው ያዳነህ።

ዘመም ማለቱ የማሽኑ ጥፋት አይደለም። ከመቀሱ ክንዶች አንደኛው ጫፉ የሚሄደው መስታወቱ ስር ሳይሆን በሩ ላሜራ ላይ በተሰቀለች አጭር ሀዲድ ውስጥ ነው። ሀዲዷ በሁለት ብሎን ነው የተያዘችው፣ ቀዳዳዎቿ ረዘም ያሉ ናቸው፤ የተሠሩትም ለዚሁ ነው። ሁለቱን አላላ፣ አትፍታ። መስታወቱን በእጀታው እስከ ላይ አውጣው፣ በመዳፍህ የፊቱን ጥግ ወደ ላይ ገፍተህ ከፍሬሙ ጋር አስተካክል። ሌላ ሰው ብሎኖቹን ይሰር። ከዚያ አውርደህ አውጣው። አሁንም ከዘመመ ድገም፤ እኔ ራሴ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የማደርገው።

እጀታውን ስትመልስ ክሊፑን አስቀድመህ እጀታው ላይ አግባ፤ ከዚያ ከማሽኑ በወጣው ጥርሳም ዘንግ ላይ አስቀምጠህ በመዳፍህ ምታው፣ «ቀጭ» ሲል ይዟል። ከመምታትህ በፊት ግን ወዴት እንደሚያይ አስብ፤ መስታወቱ ተዘግቶ እጀታው ጉልበትህን የማይነካበት ቦታ ይሁን።

ደምበጫ ዲኤክስ፦

ሠራ። ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት፤ እህቴ ብሎን ስታስር እኔ በሁለት መዳፌ መስታወቱን እየገፋሁ። በሁለት ጣት ይወርዳል። በሁለት ጣት ይወጣል። ማታ ዝናብ ዘነበ፣ ጠዋት ወለሉን ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው።

ዛሬ ከሰዓት አባቴን ከሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ መኪናዋ ግቢ ቆማ። ሳያይ ነው እጁን የሰደደው፤ ድሮም አያይም ነበር፣ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። እጁ አየር ላይ ትንሽ ፈለገና እጀታውን አገኘው። መስታወቱን አወረደ፣ አወጣ፣ እንደገና አወረደ። ደስ ያለው መሰለኝ፣ ምንም አላለም። ከዚያ አወጣውና እጁን ሳያነሳ «ወደ ፊት ነበር የሚያየው» አለኝ።

«ምኑ?»

«እጀታው። ሲዘጋ ወደ ፊት፣ ትንሽ ቀና ብሎ። አንተ ወደ ታች አድርገኸዋል።»

ጋሼ፣ ጉልበቴን አልነካም እኮ። ግን የቀኙን በር ሄጄ አየሁ፤ ወደ ፊት ነው፣ ትንሽ ቀና ብሎ። ነገ ጠዋት ጨርቄን ይዤ እወጣለሁ፣ ዶሮዎቹን ካሰርኩ በኋላ።